«ገባችሁ?» ስንል «አዎ» የሚሉንን ተማሪዎች እንዴት እንርዳ?

ጠያቂ፦ ጠመኔ በእጄ

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣

በደቡብ ወሎ በምትገኝ አንዲት የወረዳ ከተማ የዘጠነኛ ክፍል የሒሳብ መምህር ነኝ። ማስተማር ከጀመርሁ አራተኛ ዓመቴ ሲሆን ዘንድሮ አምስት ሴክሽን ይዣለሁ። በአንድ ክፍል ውስጥ በአማካይ 72 ተማሪዎች አሉ፤ ለሁለተኛ ደረጃ የተቀመጠው መመዘኛ 40 መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፣ ያለው ግን 72 ነውና ጥያቄዬም ከዚያው ይነሣል። ለሁለት ሰው በተሠራ ዴስክ ላይ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ሆነው ይቀመጣሉ። የ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ ለ72 ቢካፈል ለአንድ ተማሪ 33 ሰከንድ ይደርሰዋል፤ ያውም ስም መጥሪያውና ሰሌዳ ማጥፊያው ሳይቀነስ።

ችግሬን በአንድ ምሳሌ ላስረዳ። በጥቅምት ወር የቁጥር ሥርዓትን ምዕራፍ ሳስተምር የክፍልፋዮችን ድምር እንደ ክለሳ አንሥቼ፣ ሁለት ምሳሌ ሰሌዳ ላይ ሠርቼ «ገባችሁ?» ብዬ ጠየቅሁ። ሁሉም በአንድ ድምፅ «አዎ ቲቸር!» አሉኝ። «ጥያቄ ያለው?» አልሁ፤ አንድም እጅ አልወጣም። ደስ ብሎኝ ወደሚቀጥለው ርእስ ተሻገርሁ። በኅዳር መጨረሻ የሰጠሁትን የሚድ ፈተና ሳርም ግን በአንዱ ሴክሽን ከ72ቱ ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 11 ብቻ ሆነው አገኘኋቸው። ይበልጥ ያስደነገጠኝ የስሕተቱ ዓይነት ነው። 1/2 እና 1/3 ሲደመሩ 2/5 ይሆናሉ ብለው የጻፉት ብዙ ናቸው፤ ላዕሉን ከላዕል፣ ታሕቱን ከታሕት ደምረዋል። ይህ ከአንደኛ ደረጃ ይዘውት መምጣት የነበረባቸው ትምህርት ነው። በግማሽ ላይ ተጨምሮበት ከግማሽ ያነሰ መልስ ሲመጣ ደግሞ አንድም ሰው ነገሩ እንግዳ አልሆነበትም።

ያላደረግሁት ነገር ያለ አይመስለኝም። ሌሰን ፕላኔ የተሟላ ነው። ተማሪዎቹን በአንድ ለአምስት አደራጅቼ የቡድን ሥራ እሰጣለሁ፤ ሥራውን የሚሠራው ግን አንዱ ጎበዝ ነው፣ አራቱ ይገለብጣሉ። ቅዳሜ ጠዋት የማጠናከሪያ ትምህርት ከፍቼ ነበር፤ የመጡት ማጠናከሪያ የማያስፈልጋቸው ናቸው። ተከታታይ ምዘናም አደርጋለሁ፤ በእኔ እጅ ተከታታይ ምዘና ማለት ተከታታይ ፈተና ሆኖ ቀርቷል ብል እውነቱን መናገሬ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃችኋለሁ። አንደኛ፣ ተማሪው እንዳልገባው ፈተና ሳይደርስ፣ ገና ጊዜ እያለ የማውቅበት ምን መንገድ አለ? ሁለተኛ፣ ከታችኛው ክፍል ጀምሮ የጎደለውን መጽሐፉን ሳልበድል የምሞላው እንዴት ነው? «ሥልጠና ውሰድ» እና «የተማሪ ቁጥር ይቀነስ» የሚሉትን መልሶች እንድትተዉልኝ በትሕትና እለምናለሁ፤ የመጀመሪያውን ወስጃለሁ፣ ሁለተኛው በእጄ አይደለም።

---

መልስ፦ ጡረተኛው

ልጄ ብልህ እንዳይከፋህ፤ 34 ዓመት ጠመኔ ይዤ ከርሜ ጡረታ ከወጣሁ አምስተኛ ዓመቴ ነው። ጥያቄህን ሳነብ ራሴን አየሁበት።

በመጀመሪያ «ገባችሁ?» የሚለውን ቃል ከክፍልህ አውጣው። ጥያቄ ይመስላል እንጂ ጥያቄ አይደለም። ተማሪው «አዎ» ሲልህ የሚነግርህ መረዳቱን ሳይሆን አክብሮቱን ነው፤ አንዳንዴም ርቦታልና ደወሉ እንዲደወል መፈለጉን ነው። በሰባ ሰው ፊት ብድግ ብሎ «እኔ አልገባኝም» ማለት ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ቀላል ነገር አይደለም፤ ኋላ የተቀመጡት ይስቁበታል፣ መምህሩም «አሁን ይህ ምኑ ይከብዳል?» ይለዋል። እኔ ራሴ ይህችን ቃል ስንት ጊዜ እንዳልኋት እግዚአብሔር ይቁጠረው። አንድ ጊዜ የተባለ ልጅ ሁለተኛ አይጠይቅም፤ አጠገቡ ያለውም አይጠይቅም።

በቦታው የምታስገባው ጥያቄ መልሱ «አዎ» ሊሆን የማይችል መሆን አለበት። እኔ በመጨረሻዎቹ ዓመታት የማደርገው እንዲህ ነበር። አንድ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ጽፌ ሦስት መልስ አስቀምጣለሁ። አንዱ ትክክል ነው፤ ሁለቱ ግን እንዲያው የተወረወሩ ቁጥሮች ሳይሆኑ ልጆቹ በየዓመቱ የሚሳሳቷቸው ስሕተቶች ናቸው። ባንተ ምሳሌ 2/5፣ 5/6 እና 1/6 ይሆናሉ። 2/5ን የመረጠ ቀጥታ ደምሯል፤ 1/6ን የመረጠ የመደመሩን ነገር ከማባዛት ጋር ቀላቅሏል። ከዚያ «አስቡ» ብዬ ዝም እላለሁ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ስል ሁሉም በአንድ ጊዜ የመልሱን ቁጥር በጣቱ ደረቱ ላይ አድርጎ ያሳየኛል። ከኋላው ያለው አያየውም፤ እኔ ግን አያለሁ። ሰባ እጅ በአሥር ሰከንድ ይነበባል፤ አብዛኛው ሁለት ጣት ካሳየህ ቀጥል፣ አንድ ጣት ከበዛ እዚያው ቁም። ይህ ማርክ የለውም፣ ስም አይመዘገብበትም። ማርክ ያስገባህበት ቀን ጣቱ ወደ ጎረቤት እጅ ማየት ይጀምራል።

«ዝም እላለሁ» ያልሁትን በዋዛ አትለፈው። ሜሪ በድ ሮው የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እንዳሳዩት፣ መምህራን ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ መልስ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ይህን ወደ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲያሳድጉት መልሱ ይረዝማል፣ የሚመልሰው ልጅ ይበዛል፣ «አላውቅም» የሚለው ይቀንሳል። ሦስት ሰከንድ ሲነገር አጭር ነው፤ ሰሌዳ ፊት ለቆመ ሰው ግን እንደ ሁዳዴ ይረዝማል። እኔ በልቤ እስከ አምስት እቆጥር ነበር።

ሁለተኛው መንገድ ብጣሽ ወረቀት ነው። ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀር አንድ ጥያቄ ብቻ ሰጥተህ፣ በብጣሽ ወረቀት ሠርተው ሲወጡ በሩ ላይ ይስጡህ። አታርመውም። ቡናህን እየጠጣህ በሦስት ክምር ትለየዋለህ፦ የገባው፣ የተሳሳተ፣ ጨርሶ ያልጀመረው። ሰባ ወረቀት ለመለየት ሩብ ሰዓት አይፈጅም። በማግስቱ የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች የምታውለው ትልቁ ክምር ላይ ነው። ሌሰን ፕላንህ ያን ቀን ይሰበራል፤ ይሰበር።

ከርእሱ ትንሽ ልውጣ። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ፕላዝማ ወደ ክፍላችን ሲገባ መምህሩ የሚናገረው በመጀመሪያና በመጨረሻ ላሉት ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነበር፤ መሐሉን ቴሌቪዥኑ ያስተምር ነበር። ዝግጅቱ ጥሩ ነበር፣ ሥዕሉም ያምር ነበር፤ ግን የልጆቹን ፊት አያይም። ግማሹ ክፍል ገና የመጀመሪያውን መሥመር ሲገለብጥ እሱ ሦስተኛው ላይ ይደርሳል። ጥግ ላይ ቆሜ ስመለከት የኔ ሥራ ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ሥራዬ መናገሩ ሳይሆን ማየቱና መቆሙ ነበር።

---

መልስ፦ አምስት ሴክሽን

ለአባታችን ያለኝ አክብሮት እንደተጠበቀ ሆኖ፣ አንዳንድ ነገሮች በግልጽ መነገር አለባቸው ብዬ አምናለሁ።

ጠያቂው አምስት ሴክሽን አለው። 72 ወረቀት በአምስት ሲባዛ 360 ይሆናል። በሳምንት ከሃያ በላይ ክፍለ ጊዜ የሚያስተምር፣ የአንድ ክፍል ሆም ሩም የሆነ፣ ማርክ ሊስትና ሮስተር በእጁ የሚሞላ ሰው ይህን በየቀኑ ሊያደርግ አይችልም። ሁለተኛ፣ የማጠቃለያው ፈተና ለሁሉም ትምህርት ቤት አንድ ሲሆን ምዕራፍ ያልጨረሰ መምህር ይጠየቃል፤ ሱፐርቫይዘሩ ሲመጣ የሚያየው የምዕራፍ ቁጥር ነው እንጂ የጣት ቁጥር አይደለም። ሦስተኛ፣ ቁርስ ሳይበላ ሁለት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ የመጣ ልጅ ሦስት ሰከንድ ቢጠበቅም ሠላሳ ሰከንድ ቢጠበቅ ያው ነው።

ዋናው ጉድለት የተፈጠረው ከታች ነው። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ያሉ ልጆች ቻሉም አልቻሉም እንዲያልፉ ሲደረግ ቆይቷል፤ ያልተያዘው ነገር እየተጠራቀመ ዘጠነኛ ክፍል ይደርሳል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሲገለጽ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ሰምተን ሁላችንም ደነገጥን፤ በ2015ም 3.2 በመቶ ሆነ። ያ ውጤት ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ተሰጥቶ ኩረጃው ሲቀንስ የወጣ ነው እንጂ በአንድ ዓመት የመጣ ድክመት አይደለም። የአሥራ ሁለት ዓመት ዕዳ በአንድ የሒሳብ መምህር ትከሻ ላይ ሲጫን ዝም ብዬ ማየት አልችልም። መምህሩ የሚችለውን ያድርግ፤ የማይችለውንም አልችልም የማለት መብት ይኑረው።

---

መልስ፦ መምህርት ዘጠነኛ

እኔ የማስተምረው እንግሊዝኛ ነው፤ ሆኖም ጥያቄው እኔንም የሚመለከት ሆኖ ስላገኘሁት ልጽፍ ወደድሁ።

«አምስት ሴክሽን» ያሉት ስለ ጊዜ እጥረት እውነት ነው። ዕዳው ከታች መምጣቱም እውነት ነው። ነገር ግን ጉድለት ከምንለው ውስጥ ምን ያህሉ የሒሳብ፣ ምን ያህሉ የቋንቋ እንደሆነ ለይተን አናውቅም። ብዙዎቹ ልጆች እስከ ስምንተኛ ክፍል ሒሳብን በአማርኛ ተምረው ዘጠነኛ ሲገቡ ሁሉም ነገር በአንድ ክረምት እንግሊዝኛ ይሆንባቸዋል። ላዕልና ታሕት ብለው ያወቁት ኒውመሬተርና ዲኖሚኔተር ሆኖ ይመጣል፤ ትንሹ የጋራ ብዜት ያሉት ሌላ ስም ይዞ ይመጣል። ባለፈው ዓመት ከሒሳብ ባልደረባዬ ጋር ተመካክረን በአንድ ክፍል ውስጥ አምስት የቃላት ሒሳብ ጥያቄዎችን አንድ ሳምንት በእንግሊዝኛ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ቁጥሩን ብቻ ቀይረን በአማርኛ ሰጠናቸው። በእንግሊዝኛው ባዶ ወረቀት ከመለሱት መካከል ጥቂት የማይባሉት በአማርኛው ሦስትና አራት ጥያቄ ሠርተዋል። ለሁለተኛ ጊዜ ስላዩት ትንሽ ረድቷቸው ይሆናል፤ ልዩነቱ ግን በዚያ ብቻ የሚገለጽ አልነበረም። እነዚያን ልጆች «ሰነፍ» ስንላቸው ከርመናል።

ከዚያ ወዲህ የምናደርገው ቀላል ነው። እያንዳንዱ ተማሪ የደብተሩን የኋላ ገጾች ለቃላት ይከፍታል፤ በአንድ በኩል እንግሊዝኛው፣ በሌላው አማርኛው፣ ከሥሩ አንድ ምሳሌ ይጻፋል። አዲስ ርእስ ሲጀመር አራት ወይም አምስት ቃል ብቻ ይገባል። በቡድን ሲወያዩ በአማርኛ እንዲናገሩ እንፈቅዳለን፤ መልሱን ሲጽፉ ግን በእንግሊዝኛ ይጽፋሉ። ሙሉ ትምህርቱን በአማርኛ ማስተማር ለጊዜው ይጣፍጣል፤ ፈተናው በእንግሊዝኛ ነውና ልጁን መልሰን የምንበድለው ግን እኛ ነን።

ስለ 1/2 እና 1/3 ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። የገበሬ ልጅ ክፍልፋይ አያውቅም ማለት ስሕተት ይመስለኛል። እኩልና ሲሶ ምን እንደሆነ አባቱ መሬት ሲያጋምስ ወይም በሲሶ ሲያርስ ከአውድማው ላይ አይቷል። እህሉ ለሦስት ሲከፈል ማን ምን እንደሚወስድ ጠይቁት፤ ሳያመነታ ይነግራችኋል። «በእኩል የታረሰው ላይ ሲሶ ቢጨመርለት የአባትህ ድርሻ ከግማሽ በታች ይሆናል?» ብትሉት ይስቅባችኋል። ያው ልጅ ነው እኮ ሰሌዳው ላይ 2/5 የሚጽፈው። አውድማው ላይ የሚያውቀውንና ሰሌዳው ላይ የሚያየውን ያገናኘለት ሰው ስለሌለ ሁለቱ ለየብቻ ይኖራሉ።

ሌላም አለኝ። አንድ ሳምንት ሙሉ ማንን እንደምጠይቅ በስም ዝርዝር ላይ ምልክት ሳደርግ ሰነበትሁ። ከ68 ተማሪዎች ውስጥ ደጋግሜ የጠራኋቸው ዘጠኝ ነበሩ፤ ከዘጠኙ ሰባቱ ወንዶች ሲሆኑ ሁሉም ከፊት ሦስት ረድፍ ውስጥ የሚቀመጡ ናቸው። ራሴን ፍትሐዊ አድርጌ እቆጥር ስለነበር አፈርሁ። አሁን ዝርዝሩን ይዤ እገባለሁ፤ የተጠየቀ ሁሉ ምልክት ያገኛል፣ ሁሉም ሳይዳረስ ማንም ሁለተኛ አይጠራም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ኋላ የሚቀመጡት ሴት ልጆች ስማቸው ሲጠራ ይደነግጡ ነበር። «ከጓደኛሽ ጋር አንድ ደቂቃ ተመካከሪና ንገሪን» ማለት ከጀመርሁ በኋላ ግን መልሳቸው መሰማት ጀመረ።

---

መልስ፦ ከቅኔ ቤት

የአብነት ትምህርት ቤት አሳልፌ በኋላ ወደ ዘመናዊው የገባሁ ሰው ነኝ። እዚህ እንደ አዲስ የሚነገረው ነገር ከቤታችን የወጣ መሆኑን ሳነብ ትንሽ ፈገግ አልሁ።

የኔታ ፊት ሀሁን የሚቆጥር ልጅ ዜማውን ይዞ ዓይኑን ጨፍኖም ሊወርደው ይችላል፤ ፊደሉን ለይቶ አወቀ ማለት ግን አይደለም። ለዚህ ነው ቀጥሎ አቡጊዳ የሚመጣው። ተራው ሲፈርስ በቃሉ ብቻ የያዘው ልጅ ወዲያው ይታወቃል። የኔታ «ገባህ?» ብለው አይጠይቁም፤ ጣታቸውን ከአንዱ ፊደል ወደ ሌላው ዘለው «ይህ ማነው?» ይላሉ። ያላወቀ እዚያው ይቆያል እንጂ ዓመቱ አለቀ ተብሎ ወደ ንባብ አይሻገርም። ቅኔ ቤትም እንዲሁ ነው። ተማሪው ለብቻው ዞር ብሎ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ማለትም በልቡ ያዘጋጃል፤ ከዚያ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩም ቤቱን፣ ሰዋስዉን፣ ምሥጢሩን እዚያው ያርሙለታል። ባለ ሁለት ቤቱን ጉባኤ ቃና ያልቻለ ሰው ወደ ባለ ስምንት ቤቱ መወድስ አይሄድም።

ብዙ ተማሪ ያላቸው መምህር ይህን ሁሉ ብቻቸውን እንዴት ይችሉታል ቢባል፣ ብቻቸውን አይደሉም። ከፍ ያለው ዝቅ ያለውን ያስቀጽላል፣ ማለትም ያስጠናዋል። ይህ ግን ጠያቂው ካማረሩበት አንድ ለአምስት በአንድ ነገር ይለያል። በእኛ ዘንድ ታላቁ ተማሪ ሥራውን ለታናሹ አይሠራለትም፣ ሊሠራለትም አይችልም፤ የኔታ ፊት ቀርቦ የሚጠየቀው ታናሹ ነውና። የቡድን ሥራ የሚበላሸው አንድ ወረቀት ለአምስት ሰው ሲሰጥ ነው። አምስቱም አብረው ይሥሩ፤ ሲጨርሱ መምህሩ ከአምስቱ አንዱን በዕጣ ጠርተው ሰሌዳ ላይ «እንዴት እንደ ሆነ ንገረን» ይበሉት፤ የእሱ መልስ የቡድኑ መልስ ይሁን። ያን ጊዜ ጎበዙ ልጅ ማስረዳት ግድ ይሆንበታል።

የአብነቱን ሁሉ አወድሳለሁ ማለቴ አይደለም። አለንጋውም ነበረ፤ እኔ ስንት ጓደኛ ከአለንጋው የተነሣ ፊደሉን ሳይጨርስ እንደ ኮበለለ አውቃለሁ።

---

ጠያቂው ተመልሶ፦ ጠመኔ በእጄ

ከስድስት ሳምንት በኋላ መመለሴ ነው፤ መልስ ሳልሰጥ ስለቆየሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ባዶ እጄን መመለስ አልፈለግሁም ነበር።

በመጀመሪያ የጣቱን ነገር በሁለት ሴክሽን ሞከርሁ። የመጀመሪያው ቀን ሳቅና ግርግር ሆነ፤ በሦስተኛው ቀን ለመዱት። በዚያው ጥያቄ በአንዱ ክፍል ከ70 ተማሪዎች 41 አንድ ጣት አሳዩኝ፣ ማለትም 2/5። እነዚህ ከሁለት ወር በፊት «አዎ ቲቸር» ያሉኝ ልጆች ናቸው። አራት ክፍለ ጊዜ ሙሉ ክፍልፋይ ላይ ቆየሁ። ከዕቅዴ አንድ ሳምንት ወደ ኋላ ቀርቻለሁ፤ ይህን ለትምህርት ክፍል ኃላፊው አስቀድሜ ነገርሁት፣ አልወደደውም፣ አልከለከለኝምም። የሚገርመው ግን ከዚያ በኋላ ያለው ርእስ ከገመትሁት በፍጥነት ሄደ።

ብጣሽ ወረቀቱን በተመለከተ «አምስት ሴክሽን» ያሉት ትክክል ነበሩ፤ በየቀኑ አይቻልም። ስለዚህ ለአንድ ሴክሽን አንድ ቀን መደብሁ፦ ሰኞ የመጀመሪያው፣ ማክሰኞ ሁለተኛው እያለ ይቀጥላል። በቀን ሰባ ወረቀት ይሆናል፤ ይህን እችላለሁ። በዚህ ወረቀት ምክንያት የቅዳሜውን ማጠናከሪያ ምሥጢርም አገኘሁ። ጨርሶ ያልጀመሩትን ክምር በስም ስለይ አብዛኞቹ ከገጠር ቀበሌዎች የሚመጡ ሆኑ። ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው። እነሱ ቅዳሜ ጠዋት ከእናቶቻቸው ጋር እህል ይዘው ገበያ ናቸው! እኔ ግን «ፍላጎት የላቸውም» ብዬ ጽፌባቸው ነበር። ማጠናከሪያውን ወደ ረቡዕ የመጨረሻ ክፍለ ጊዜ አዞርሁት፤ ለሁሉም ክፍት ከማድረግ ይልቅ በወረቀቱ የለየኋቸውን ራሴ በስማቸው እየጠራሁ ጋበዝኋቸው። ከ19 ተጋባዦች 14 በመደበኛነት ይመጣሉ።

ያልሠራም አለ። በዕጣ ሰሌዳ ላይ የመጥራቱን ነገር ያለ ዝግጅት ስለጀመርሁት አንዲት ልጅ ሰሌዳ ፊት ቆማ አለቀሰች። ከዚያ በኋላ ሁለት ደቂቃ የመመካከሪያ ጊዜ ሳልሰጥ ማንንም አልጠራም። የቃላቱ ገጽም በሦስት ሴክሽን ተጀምሮ ተረሳ፤ መልሼ እጀምረዋለሁ። የውጤት ለውጥ ትልቅ ነው አልልም። በመጨረሻው አጭር ፈተና በዚያ በመጀመሪያው ሴክሽን ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ11 ወደ 23 ደርሰዋል፤ ፈተናው ግን አንድ ርእስ ብቻ ስለነበረ ብዙ አልመካበትም።

አሁን ያስጨነቀኝ ሌላ ነገር ነው። ባለፈው ረቡዕ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ላዕሉ ከተደመረ ታሕቱ ለምንድን ነው የማይደመረው?» ብሎ ጠየቀኝ። «ሕጉ እንዲህ ነው» አልሁት። ልጁም «እሺ» ብሎ ተቀመጠ። ማታ ስተኛ ያ «እሺ» ከድሮው «አዎ ቲቸር» ጋር አንድ መሆኑ ታወቀኝ። እውነቱን ለመናገር አጥርቼ የማስረዳበት መንገድ አልነበረኝም። እናንተ ይህን ለዘጠነኛ ክፍል ልጅ እንዴት ትመልሱታላችሁ?

---

መልስ፦ ጡረተኛው

ልጁ የጠየቀህ ጥያቄ እኔ በሃያኛ ዓመቴ የተጠየቅሁት ነው፤ እኔም «ሕጉ ነው» ብዬ ነበር።

ታሕት ስም ነው በለው፤ ላዕል ደግሞ ብዛት። ሦስት ቁና ጤፍና ሁለት ቁና ጤፍ አምስት ቁና ይሆናል፤ ቁና ከቁና ተደምሮ ሌላ ስፍር አይሆንም። ሦስት ሰባተኛና ሁለት ሰባተኛም አምስት ሰባተኛ ነው፤ «ሰባተኛ» የስፍሩ ስም ነውና አይደመርም። ይህን ሳታስጨርስ ወደ ግማሽና ሲሶ አትሂድ። ከዚያ «ሦስት ቁናና ሁለት ጣሳ ስንት ነው?» ብለህ ጠይቅ። አምስት ነው የሚል ልጅ ካለ «አምስት ምን?» በለው። ቁናውን ወደ ጣሳ ሳይመልስ መደመር እንደማይችል ራሱ ይደርስበታል። ትንሹ የጋራ ብዜት የሚገባው እዚያ ላይ ነው፤ ግማሹም ሲሶውም በስድስተኛ ሲሰፈሩ ሦስት ስድስተኛና ሁለት ስድስተኛ ይሆናሉ።

በቃል ብቻ አትንገራቸው፤ ዕቃውን ክፍል ውስጥ አስገባው። ጣሳና ቁና ከየት አመጣለሁ ብለህ አትጨነቅ፤ ቅዳሜ ገበያ የሚውሉት ልጆችህ ቤታቸው አለ፤ ስንት ጣሳ አንድ ቁና እንደሚሞላም ካንተ ይልቅ እነሱ ያውቃሉ። የረቡዕ ተጋባዦችህ ይዘው ይምጡና ሰፍረው ለክፍሉ ያሳዩ።